ሁለት እፍኝ ነጭ ግሮዜይ

በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የቀረውንም ለቄሱ ተናግሬ ተገላግያለሁ። ይህችኛዋ ግን ሁለት እፍኝ ብቻ ሆና ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አሁንም ሐምሌ በመጣ ቁጥር ፊቴን ታቃጥለዋለች። ሰው ሲያየኝ እርጅና ያቀላት ይመስለዋል። ይምሰለው።

አማቴ ሊዮኒ የነጭ ግሮዜይ ዘር አውጪ ነበሩ። ግሮዜይ እንደ ወይን በዘለላ የሚንጠለጠል፣ ከሽምብራ ብዙም የማይበልጥ ፍሬ ነው። ቀዩ በየጓሮው አለ፤ ወፍም ሰውም ይሻማበታል። ነጩ ግን ቆዳው ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ውስጡ ያሉት ዘሮች ቁጭ ብለው ይታያሉ። እኛ ባር በምትባለው ከተማችን ማርማላታውን የምንሠራው ፍሬው ሳይፈርስ፣ እንደተፈጠረ ሆኖ ነው። ዘሩ ብቻ ይወጣል፤ ያውም ከእያንዳንዱ ፍሬ፣ አንድ በአንድ፣ በዝይ ላባ። ላባው ጫፉ በምላጭ እንደ ብዕር ይቀረጻል፤ ፍሬው ከአገዳው አጠገብ በስሱ ይበሳል፣ ዘሩ ይለቀማል፣ ቆዳው ተመልሶ ይከደናል። እጁ የከበደ ሰው ፍሬውን ያፈርጠዋል። እጁ የቀለለ ሰው ደግሞ ይቸኩላል፤ እኔ ከእነዚህኞቹ ነበርኩ።

የምንሠራው ላይ ከተማ፣ ማዳም ትሪዬ ቤት ነበር። ማዳም ትሪዬ ባሏ ሲሞት ቤቱንም፣ የመዳብ ድስቶቹንም፣ የደንበኞቹንም ስም ዝርዝር ወርሳ ሥራውን ያልጣለች ጠንካራ ሴት ነበረች። ከቤቷ ጀርባ ሰፊ ክፍል አለ፤ እዚያ ሁለት ጠረጴዛ ነበር፣ አንዱ የቀዩ፣ አንዱ የነጩ። ቀዩ ላይ ማንም መቀመጥ ይችላል፤ ቀይ ፍሬ ውስጥ አንድ ዘር ቢረሳ ማን ያየዋል? የነጩ ጠረጴዛ ግን ስድስት ሴት ብቻ ነበር የሚይዘው። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የሊዮኒ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ በጋ ተቀምጠውባታል። ሌላ ሰው በስህተት እንኳን ሻርፑን አያስቀምጥባትም።

የጠረጴዛው ሕግ አንድ ነው። አንዷ ጎድጓዳ ሳህኗን ስትጨርስ የራሷን ላባ ከላይ ታጋድምበታለች። ይህም «አይቼዋለሁ፣ እኔ አለሁበት» ማለት ነው። የሊዮኒ ላባ ግራጫ ነበር፣ የእኔ በቀይ ክር የታሰረ ነጭ። ላባ የተጋደመበትን ሳህን ማንም ከፍቶ አይመረምርም፤ ቀጥታ ወደ ድስቱ ይሄዳል። ከገመገሙማ ስድብ ነው።

ሊዮኒ ከቀደመው በጋ ጀምረው ጓሯቸው ውስጥ በቀይ ፍሬ ሲያስተምሩኝ ከርመው፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ አንጠልጥለው ነጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ማዳም ትሪዬ ትንሽ ልጅ ናት ብላ ብታንገራግር፣ ሊዮኒ «እጄን አስተምሬያታለሁ» አሏት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔም ባሌን ሬሚን ካገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ፣ እሱ ከሄደ ደግሞ አሥራ አራት ወሩ ነበር። ወታደር ሆኖ አልጄሪያ ወስደውት ነበር። እናቱና እኔ ከከተማው በላይ ባለች መንደር፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ደብዳቤውን እየተቀባበልን እናነብ ነበር። እሳቸው ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት፤ እኔን የሚመለከተው መስመር ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ይሰጡኝና ወደ ምድጃው ይዞራሉ። እንዲህ ያሉ ሴት ነበሩ።

በዚያ ሐምሌ ሬሚ የአሥር ቀን ፈቃድ አግኝቶ ሐሙስ በአሥር ሰዓቱ ባቡር እንደሚገባ ጻፈ። ሐሙስ ደግሞ ማዳም ትሪዬ ናንሲ ከተማ ለሚደረግ ሠርግ አርባ ብልቃጥ ነጭ ማርማላታ ለማግሥቱ ቃል ገብታ ነበር።

ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ከሊዮኒ ጋር ጓሮ ወርደን ለቀምን። ነጭ ግሮዜይ ፍሬው አይነካም፤ ዘለላው ከነአገዳው በጥፍር ተቆርጦ ሰፌድ በመሰለ ቅርጫት ውስጥ ነጠል ነጠል ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከተደራረበ የታችኛው ይጨፈለቃል። ሊዮኒ እንደ ልማዳቸው በዝግታ ይለቅማሉ። እኔ ግን አንድ ዘለላ ቆርጬ አንዴ ሰማይ አያለሁ፣ አንዴ መንገድ አያለሁ፤ ባቡሩ ጓሯችን ድረስ የሚመጣ ይመስል። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ደመና እየተከመረ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ ሴቶቹ ሊምሩኝ አልቻሉም። ከጎኔ የምትቀመጠው ፖሌት፣ ምላሷ ከላባዋ የሾለ፣ ገና ሳልጀምር ያዘችኝ።

«ዛሬ ሞሪሴት ዘር ሳይሆን ሰዓት ስትለቅም ልትውል ነው።»

«ተያት» አለች ሌላዋ። «አሥራ አራት ወር የጾመ ሰው ለፋሲካ ቢቸኩል ይፈረድበታል?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሊዮኒም አንገታቸውን ሳያቀኑ ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። አንዱን ፍሬ አፈረጥኩ፣ ሁለተኛውን አፈረጥኩ። ከምሳ በኋላ ያልጸዳ ፍሬ የተቀመጠበትን የእኔን ትሪ ሳየው ገና ግማሹ አልተነካም። የተለቀመ ፍሬ አያድርም፤ ትሪዋን ሳትጨርስ የሚወጣ ሴት ደግሞ የለም። ይህም የጠረጴዛው ሕግ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ከላይ ከተማ እስከ ጣቢያው ደግሞ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ እኔም ከዚያ በፊት ፀጉሬን ላበጥር፣ ልብሴን ልቀይር አስቤያለሁ።

ያኔ ማዳም ትሪዬ ከወጥ ቤት ሊዮኒን ጠራቻቸው። የስኳሩ ሽሮፕ ደርሶ እንደሆነ ከማንኪያው ሲንጠባጠብ አይተው የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ። ፖሌት ውኃ ልትጠጣ ወደ ግቢ ወጣች። የቀሩት ሦስቱ አቀርቅረው ይሠራሉ። እኔም የተሠራውን ፍሬ በማንኪያ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ካልተነካው አንድ እፍኝ ሳህኑ ውስጥ ከታች ከተትኩ። ማንም ቀና አላለም። ሁለተኛ እፍኝ ጨመርኩ። ከዚያ የተሠራውን መልሼ ከላዩ አለበስኩት። የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ፍሬ ከማጽዳት አይበልጥም።

ምን እያሰብኩ ነበር? በኋላ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ናፍቆት ነበር፣ ሙቀት ነበር። እውነቱ ግን ምንም አላሰብኩም። ነጭ ፍሬ ሳይነካ ድስት ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን እንኳን ትዝ አላለኝም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ለቃሚው ሌላ ሰው ሆነ።

ሊዮኒ ሲመለሱ የእኔ ትሪ ላይ ሌላ አንድ እፍኝ ያህል ቀርቷል። ፊቴን አዩት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ላቤን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ።

«ተነሺ፣ ሂጂ» አሉኝ። «የቀረውን እኔ እጨርስልሻለሁ።»

«እንዴት ይሆናል? የራስዎ ሳህን እያለ።»

«የእኔ አልቋል። ልጄ ከባቡር ሲወርድ ግሮዜይ የምታጸዳ ሚስት ምን ያደርግለታል? ይሄ ሳህኑ ውስጥ ያለው አልቋል አይደል?»

አልቋል አልኳቸው።

እነሆ፣ ያ ቃል ነው። እፍኞቹን በድንጋጤ ከተትኳቸው እንበል፤ ያን ቃል ግን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። እሳቸውም የእኔን ላባ አንስተው ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። የራሳቸውን ግራጫ ላባ ከሳህኔ አጠገብ አኖሩ። ሳህኑ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሳቸው ሆነ። በሩ ላይ ደርሼ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም፤ ቁልቁለቱን ሮጥኩ።

ጣቢያው ስደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ወረደ፤ ከሰዓት በኋላው ሌሊት መሰለ። ሬሚ ከስቶ፣ ፀሐይ አክስሎት፣ ከባቡሩ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሳህኑ እየተጨነቅኩ አደርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ አንዴም ትዝ አላለኝም። ሊዮኒ ቀሚሳቸው በስብሶ፣ ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ሳይ እንኳን ትዝ አላለኝም። የሀፍረቴ አንዱ ቁራጭ እሱ ነው።

ትዝ ያለኝ በማግሥቱ ጠዋት፣ ከመዳቡ ድስት ዙሪያ ስንቆም ነው። ሽሮፑ ንጹሕ ነበር፣ የድስቱ ወለል ይታያል። ሳህኖቹ በየተራ ገቡ። ፍሬው እንደሚገባው ሽሮፑን ጠጥቶ እንደሞላ ይንሳፈፋል። ሊዮኒ መጀመሪያ የራሳቸውን አፈሰሱ። ቀጥለው ያንን ሳህን አነሱ፣ ላባቸውን ከላዩ አንስተው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ፣ ገለበጡት።

ያልተበሳ ፍሬ ትኩስ ሽሮፕ ሲነካው ይፈነዳል። አንድ ቢሆን በማንኪያ ይወጣል። ሁለት እፍኝ ግን አንድ ላይ ፈነዳ፤ ዘሩ ተበተነ፣ ቆዳው ተቦጫጨቀ፣ ድስቱ ዓይናችን እያየ ደፈረሰ። የአርባ ብልቃጥ፣ የስድስት ሴት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማዳም ትሪዬ ዘወር ብላ የማን ሳህን ነው ስትል ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«የእኔ ነው» አሉ ሊዮኒ። «ላባው የእኔ ነው።»

እኔ ከፖሌትና ከበሩ መሃል ቆሜያለሁ። ከልቤ የምለው፣ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መሬት ግን ሥራ አላት። መናገር የሚያስፈልገው ሦስት ቃል ነበር፦ እኔ ነኝ የከተትኩት። በልቤ አልኩት፣ ምላሴ ላይ መጣ፣ እዚያው ቀረ።

ሊዮኒ የድስቱን ውስጥ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ለማዳም ትሪዬ፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ «ትናንት ሲጨልም ነው የጨረስኩት። የተሠራውንና ያልተሠራውን መለየት አቅቶኝ ነው። ዓይኔ ነው» አሉ።

ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረም። ማንኛዋም ሴት ሆን ብላ ያልተነካ ነጭ ፍሬ ሳህን ውስጥ ትከታለች ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ይህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስም የሌለው ጥፋት ነው። ፖሌት እንኳን፣ በማንም የምታሾፈው ፖሌት፣ አንገቷን ደፋች። ማዳም ትሪዬ ክፉ አልነበረችም። ቀዩ ጠረጴዛ አለ፣ የፈለጉትን ያህል ይቀመጡ አለቻቸው። ሊዮኒ አመስግነው፣ አይ፣ ይበቃኛል አሉ። ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉት። ማዳም ትሪዬም የምትሰጠው ማጽናኛ ቢቸግራት ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንበሯ ከቤታችሁ አትውጣ፣ ሞሪሴት አንቺ ተቀመጪባት» አለችኝ።

ተቀመጥኩባት። ዓይን አውጣ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሊዮኒ ሁሉን እንዳወቁ እርግጠኛ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ላባ የሠሩ ሴት፣ አንድ እፍኝ ለመጨረስ ተቀብለው ሁለት እፍኝ ሳይነካ ሲፈነዳ አያውቁም? ልጃቸው ከጦር ሜዳ የመጣበትን አሥር ቀን እንዳላበላሽበት ብለው ሸፈኑልኝ አልኩ። ሬሚ ሲሄድ እነግራቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኩ። ሬሚ ሄደ። ከዚያ ማርገዜን አወቅኩ፤ ሆዴ ሲገፋ ድንጋጤ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም አልኩ። ሰው ላለመናገር ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። «ዝም አይነቅዝም» የሚሉት ተረት አለ፤ የእኔ ዝምታ ግን በአንድ ክረምት ነቀዘ።

ማዳም ትሪዬ የደፈረሰውን ማርማላታ መሸጥ ስለማትችል ለሊዮኒ ሰጥታቸው ነበር። ጓዳችን ውስጥ ተደረደረ። በየጠዋቱ ዳቦ ላይ ቀብተው ይበሉታል፤ ዘሩ ከጥርሳቸው ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ቡናዬን አያለሁ። ለምን ቀይ አይበሉም ብላቸው፣ ምግብ ነው፣ ይጣላል እንዴ አሉኝ። ሆን ብለው እያሰሙኝ ነው አልኩ።

ቀስ በቀስ ሌላ ሌላውንም ተዉ። የስፌት ሣጥናቸውን አምጥተው እኔ አልጋ ላይ አስቀመጡት፤ አንቺ ስፊ አሉኝ። የሬሚን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ለእኔ ይሰጡኛል፤ አንብቢልኝ ይላሉ። እኔን የሚመለከተው መስመር ላይ ስደርስ እየዘለልኩ አነባለሁ፤ እሳቸው ወደ ምድጃው ይዞራሉ። ሬሚ ናንሲ ወስደሽ ለዓይን ሐኪም አሳዪያቸው ብሎ ጻፈ። የማውቀውን ሊነግረኝ ለምን ባቡር እሳፈራለሁ አሉ። ይህንንም ለእኔ የተወረወረ ነገር አድርጌ ያዝኩት። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ፤ ትርኢት ነው አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። የበደለ ሰው የበደለውን ሲጠላ ለጉድ ነው።

ሚያዝያ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ስሟን ኦዲል በይልኝ ብለው ለመኑኝ። ቅድስት ኦዲል የዓይን ጠባቂ ናት፤ የእኛ አገር ሰው ዓይኑ ሲታመም ወደ እሷ ነው የሚሳለው። ስሙን ሰጠኋት፣ ግን አንጀቴ እያረረ ነበር፤ በየቀኑ ስጠራት ጥፋቴን እንድጠራ ነው የፈለጉት ብዬ።

ልጅቷን ግን አይነኳትም። ይህ ነው የከነከነኝ። አንድ የልጅ ልጅ ወልጄላቸው፣ የአልጋዋን ዳር ይዘው ይቆማሉ፣ በእጃቸው ጀርባ ብርድ ልብሷን ዳበስ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። አላጠቧትም፣ አላለበሷትም። ጎረቤት ሴቶች አያት ሆነው እንዴት አስቻላቸው ሲሉ፣ እኔ ከንፈሬን መጥጬ ዝም እላለሁ፤ የተበደልኩት እኔ መስዬ።

እንዲህ እያለን ሐምሌ ደረሰ። ማዳም ትሪዬ ሰኞ እጀምራለሁ፣ ወንበርሽ ይጠብቅሻል ብላ ላከችብኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሊዮኒ ጋር ለቤታችን የሚሆን ቀዩን ልንለቅም ጓሮ ነበርን። ኦዲል ከለውዙ ዛፍ ጥላ ሥር ቅርጫቷ ውስጥ ተኝታለች። እሳቸው ዘለላውን በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ይለቅማሉ። እኔ ሁለት እጄ በፍሬ ጭማቂ ተጨማልቆ ሳለ ልጅቷ ነቅታ ጮኸች። ሽንት ጨርቋ እንደረጠበ ከለቅሶዋ አውቄያለሁ። እባክዎ ይቀይሩልኝ አልኳቸው። ሰምተው ቆሙ፤ አልሄዱም። አንቺ ብታደርጊው ይሻላል አሉ። ልጅቷ ለቅሶዋን አባሰችው። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ቁጣ፣ መብቴ ያልሆነው ቁጣ፣ ያኔ ወጣ።

«መቅጣት ከፈለጉ እኔን ይቅጡኝ» ብዬ ጮህኩባቸው። «ልጅቷ ምን አደረገችዎት?»

ዘወር ብለው አዩኝ።

«ማን ነው የሚቀጣሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ይኸው ዓመትዎ። በዚያ ሳህን ምክንያት።»

«የትኛው ሳህን?»

ፊታቸውን አየሁት። የሚያስመስል ሰው ፊት አልነበረም። በእውነት እየጠየቁኝ ነበር። ያን ጊዜ ከግሮዜዩ ቁጥቋጦ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ሴትዮዋ አላወቁም። ለካ ዓመት ሙሉ ስትቀጣኝ የኖረችው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ቁጭ ባልኩበት ነገርኳቸው። ማዳም ትሪዬ ሽሮፑን እንዲያዩ የጠራቻቸውን ሰዓት፣ እፍኞቹን፣ በማንኪያ አለባብሼ መሸፈኔን፣ አልቋል ማለቴን። ኦዲል እየጮኸች ነው፣ እኔ እየነገርኳቸው ነው።

«ስንት ነበር?» አሉኝ ስጨርስ።

«ሁለት እፍኝ።»

«ሳይነካ?»

«ሳይነካ።»

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ፣ ቅርጫቱን ቢወረውሩብኝ በወደድኩ። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ ጥፍሮቹን። ከዚያ እንደሚቆጥሩ ሆነው መናገር ጀመሩ፤ ለእኔም አልነበረም። «ዓይኔ ጠፋ ብዬ ስፌት ትቻለሁ። የልጄን ደብዳቤ ትቻለሁ። ደረጃው...» አሉና ደረጃውን ተዉት። «ይህችን ልጅ በመርፌ ቁልፍ እንዳልወጋት ብዬ ነበር እኮ። ሌሊት ሌሊት እሷን ስወጋ በሕልሜ አይ ነበር።»

ሰኞ ማዳም ትሪዬ ዘንድ ሄጄ በሁሉም ፊት እናገራለሁ አልኳቸው። አዎ፣ ትናገሪያለሽ አሉኝ፤ ያን ያሉኝ ግን በሩን ዝጊ እንደሚባለው ዓይነት ነበር፣ ልባቸው እዚያ አልነበረም። በርግጥም ሰኞ ሄጄ ተናገርኩ፤ ከዚያ ወንበር ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህም የነጩን ጠረጴዛ አልተጠጋሁም። ማዳም ትሪዬ ሊዮኒን ለመመለስ ራሷ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኗል። እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም።

ሊዮኒ ከበርሜሉ ውኃ ቀድተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ በሽርጣቸው አደረቁ። ወደ ለውዙ ጥላ ሄደው ተንበረከኩ። እኔ ልነሣ ስል በእጃቸው ባለሽበት ሁኚ አሉኝ። ኦዲልን ከቅርጫቷ አወጧት፤ የረጠበውን ፈቱ፣ ደረቁን አጠለቁ፣ መርፌ ቁልፉን አንሥተው ትንሽ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወጋ አድርገው ቆለፉት፤ ጨርቁን ብቻ፣ ቀጥ ያለ። ልጅቷ ዝም አለች። አንሥተው ወደ ብርሃኑ አወጧት፤ ፊቷን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን ያያሉ። ጭንቅላቷን በቀስታ ዘንበል አድርገው ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን አዩ።

«ይሄ ምልክት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ከተወለደች ጀምሮ።»

«ሬሚም አለው። እዚሁ ቦታ ላይ።»

አውቃለሁ አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አጠገባቸው የነበረች ልጅ ናት።

ሊዮኒ ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ፤ ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ እኔ ለዓመት አንዴም ያላወጣሁትን ቃል፣ እኔ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ፣ እሳቸው ለሦስት ወሯ ልጅ አወጡት።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እመቤት» አሏት። «አያትሽ የማታይ መስሏት ነው።»